ሱሉልታ ጨፌ ላይ የሚያርፈው እንግዳ

«ስናይፐር» ሲባል የማያውቅ የከተማ ልጅ መቼም አይኖርም። ጣሪያ ላይ ተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚተኩሰውን ሰውዬ በየፊልሙ አይተነዋል። ቃሉ የተወለደው ከረግረግ ነው ብንባል ግን ስንቶቻችን እናምናለን? ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ ሕንድ ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ስናይፕ የምትባል ረጅም መንቁር ያላት ቡናማ ወፍ ማደን ይወዱ ነበር። ወፏ ሣር ውስጥ ተደብቃ ሰው እግሯ ሥር እስኪደርስ ድረስ ፍንክች አትልም። ስትነሣ ደግሞ ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘች ስለምትበር ዒላማ ውስጥ አትገባም። እሷን መትቶ የጣለ ሰው ታዲያ ልዩ ተኳሽ ነው ተባለለት። ስናይፐር!

እንግዲህ ይህችን ወፍ ለማየት ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጎጃም መንገድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ መውረድ ይበቃል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስናይፕ ስለማየት አይደለም፤ እሱ ቀላል ነው። ጨዋታችን ከስናይፖቹ መካከል ብርቅ የሆነውን አንዱን ከሚመሳሰሉት ዘመዶቹ ስለመለየት ነው። ይሄኛው እንኳ ቀላል አይደለም። (ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔም አልጽፈው፣ እናንተም አታነቡት!)

መንገዱና ሜዳው

ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ይያዛል። ታክሲው የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል። ባሕር ዛፉን አልፎ ቁልቁል ሲል ሜዳው ከፊት ለፊት ይዘረጋል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ሜዳ በመስኮት አይቶታል፤ ግን አይቶ አልፎታል። ብዙዎቻችን ሱሉልታን የምናውቀው በሯጮቹ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ማለዳ ከሄዳችሁ ቱታ የለበሱ ልጆች ተደርድረው በጭጋጉ ውስጥ ሲሮጡ ታያላችሁ። ሯጮቹን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

የሚሄዱበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ያጠጣው ሜዳ ያን ጊዜ ጨፌ ሆኖ ይቆያል፤ ላዩ ሣር፣ ታቹ ጭቃ። መስከረም ላይ አደይ አበባው ዳር ዳሩን ቢጫ ያደርገዋል። በሰዓት ረገድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይከርራል፣ ወፉም ይደበቃል።

ምን ይያዝ? ቦቲ ጫማ (ስኒከር አድርጎ የሄደ ወዳጃችን በባዶ እግሩ ነው የተመለሰው!)፣ ባይናኩላር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ቆሎ። ባይናኩላር ለሦስት ለአራት ሆኖ አንድ መያዝ ይቻላል፤ ተራ በተራ ማየት ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አትርሱ። ያ የምትረግጡት ሣር ባለቤት አለው። ገበሬው ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጭዶ የሚሸጠው፣ ከብቶቹንም በጋውን የሚያሻግርበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ በከብቶቹ መሄጃ መሄጃ መጓዝ። እንዲህ ላደረገ ሰው ሜዳው ደግ ነው።

ማን ማን ነው?

ሱሉልታ ላይ የምታዩዋቸው ስናይፖች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ቡናማ፣ ሦስቱም ጀርባቸው ላይ የደረቀ ሣር የመሰለ ቢጫ መስመር ያላቸው፣ ሦስቱም ረጅም መንቁራቸውን ጭቃ ውስጥ እየሰኩ ትል የሚለቅሙ ናቸው። (መንቁራቸው ጫፉ ላይ ይዳስሳል፣ ጭቃ ውስጥ እንዳለም ጫፉ ብቻ ተከፍቶ ትሉን ይይዛል።) ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ላጠናቸው ግን እንደ ጎረቤት ናቸው፤ አመላቸው ለየብቻ ነው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ስናይፕ ነው። እኛ «የአገሬው» እንበለው። እዚሁ ደጋ ላይ ይኖራል፣ እዚሁ ይፈለፍላል። ከሦስቱ መንቁሩ በጣም ረጅም የሆነው እሱ ነው፤ ልክ የማይበቃው ካልሲ እንዳጠለቀ ሰው ለአካሉ አይመጥነውም። ጀርባው ጠቆር ይላል፣ ሆዱ ነጭ ነው። ሲነሣ ዝግ ብሎ፣ ክንፉ እንደ ከበደው ሆኖ ነው።

ሁለተኛው ተራው ስናይፕ ነው። ክረምቱን ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ግን ብዙ ስለሆነ እንግዳ አይባልም። ስናይፐሮቹን ያስቸገረው ዓይነት አበራረር የዚህ ነው። ሲነሣ ከጉሮሮው የሻከረ ድምፅ አውጥቶ ይጮህና ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ሆዱ ነጭ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ የኋላው ጠርዝ ላይ ጎላ ያለ ነጭ መስመር ይታያል። ይህን መስመር ያየ ሰው ቢያንስ ታላቁ ስናይፕ አለመሆኑን አወቀ ማለት ነው።

ሦስተኛው የዛሬው ባለጉዳያችን፣ ታላቁ ስናይፕ ነው። ስሙ «ታላቁ» ይሁን እንጂ በቁመት ከሌሎቹ ብዙም አይበልጥም፤ የሚበልጠው በውፍረት ነው። መንቁሩ እንዲያውም ለሰውነቱ አጠር ይላል። ዋናው ምልክቱ ሆዱ ነው። የሌሎቹ ሆድ ነጭ ሲሆን የሱ ከደረቱ እስከ ታች በጥቁር ቡናማ መስመር የተዥጎረጎረ ነው። ክንፉ ላይ ደግሞ ነጩ መስመር የሚገኘው መሐል ላይ ነው፤ የላባዎቹ ጫፎች ነጭ ስለሆኑ ሲበር ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይሠራሉ። የኋላ ጠርዙ እንደ ተራው ጎልቶ አይነጣም። ሲነሣ ወይ ዝም ይላል ወይ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። ቀጥ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ በሮ ቅርብ ቦታ ላይ ይወድቃል። ከጭቃው ይልቅ ደረቅ ወዳለው የጨፌው ዳር ያደላል።

ጅራት ያታልላል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጅራት ላይ ነው። መጻሕፍት ሁሉ ታላቁ ስናይፕ የጅራቱ ዳርና ዳር ነጭ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲነሣ ብልጭ የሚለው ነጭ ከሩቅ ይታያል። ግን የአገሬውም ስናይፕ የጅራቱ ዳር ነጣ ያለ ነው! በዚያ ላይ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣት ታላላቅ ስናይፖች ነጩ ላይ ጥቋቁር መስመር ስላለባቸው ብልጭታው ያንሳል። ስለዚህ ጅራት ብቻ አይቶ «አገኘሁት!» ያለ ሰው የአገሬውን በእንግዳው ስም ሊጠራው ይችላል። ጅራቱን ብቻ አይቶ «አይደለም» ያለም ወጣቱን እንግዳ ሊያሳልፈው ይችላል።

ነጩ ጅራት ለወፉ ለራሱ ግን ቀልድ አይደለም። ታላቁ ስናይፕ በአገሩ፣ በስካንዲኔቪያና በሩሲያ ሜዳዎች፣ በፀደይ ሌሊት የጭፈራ ሜዳ አለው። ወንዶቹ ተሰብስበው ደረታቸውን ነፍተው፣ መንቁራቸውን እያንቀጫቀጩ፣ ጅራታቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ሴቶቹ ዞር ዞር ብለው ያያሉ፤ ምርጫው የነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች የአንዳንዶቹን ወንዶች ጅራት ነጭ ቀብተው አስፍተውት ነበር። ሴቶቹ ወዴት ያደሉ ይመስላችኋል? ወደ ተቀቡት! (ወንዶች ሆይ፣ ሽቶ ብቻ አይደለም ለካ።)

አሁን ሯጮቹን መልሱልኝ

ሱሉልታ ላይ የሚሮጡት ልጆች በአንድ ጠዋት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ? ሠላሳ? አርባ? እሺ። የስዊድን ተመራማሪዎች ታላላቅ ስናይፖች ላይ ትናንሽ መቅረጫዎች አሥረው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ውጤት ጉድ የሚያሰኝ ነበር። መቅረጫቸው የተገኘላቸው ሦስት ወፎች ከስዊድን ተነሥተው ከሰሃራ በስተ ደቡብ እስኪደርሱ ከ4,300 እስከ 6,800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያለ ዕረፍት በረዋል። ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቀን! ፍጥነታቸው እስከ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀን ቀን ከሌሊቱ ይልቅ በጣም ከፍ ብለው እንደሚበሩ አሳየ፤ አንዱ 8,700 ሜትር ደርሷል። የራስ ዳሽን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

እነዚያ የስዊድኖቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚያቀኑ ናቸው። በእኛ ደጋ የሚያልፉት ከምሥራቅ አውሮፓና ከምዕራብ ሳይቤሪያ በኩል የሚነሡት ናቸው። እኛ ዘንድ አርፈው፣ በልተው፣ ወፍረው፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ እስከ ዛምቢያና አካባቢዋ ይወርዳሉ። የእኛ ጨፌ ለነሱ መንገድ ላይ እንዳለ ቡና ቤት ነው ማለት ነው። ቡና ቤቱ የተዘጋ ቀን መንገደኛው ምን ይውጠው?

«ሆዱንስ አየኸው?»

ባለፈው መስከረም ከአንድ ወዳጄና ከእጮኛው ጋር ሜዳው ላይ ነበርን። ልጁ ወንድሙ ከዱባይ የላከለት አዲስ ባይናኩላር አንገቱ ላይ አለ። ልጅቱ ደግሞ ባይናኩላር የላትም፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣች የአገሬውን ስናይፕ ስታጠና ከርማለች። አንድ ወፍ ከእግራችን ሥር ብድግ አለ።

«ታላቁ ነው! ጅራቱን አየሁት፣ ነጭ ነው!» ብሎ ጮኸ ልጁ።

«ሆዱንስ አየኸው?» አለችው።

«በዚህ ፍጥነት ሆድ ማን ያያል!»

«እኔ መንቁሩን አይቻለሁ፤ ረጅም ነው። አነሣሡም ዝግ ያለ ነው። የአገሬው ነው።»

ልጁ ተኮሳተረ። እንግዲህ ሰው እጮኛው ፊት ሲሸነፍ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከብት የሚጠብቅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲሰማን ነበር።

«ጋሼ፣ እሱ ሁሌም አለ» አለው። «ያኛው ወፍራሙ እዚያ ዳር ነው ያለው። እሱ አይጮህም። ቢነሣም ሩቅ አይሄድም።»

የወፍ መጽሐፍ አላየም፣ ስናይፕ የሚለውን ቃልም ሰምቶ አያውቅም። ግን ተራውን በየቀኑ ስለሚያይ ልዩው ሲመጣ ይታወቀዋል። ተከተልነው። ደረቅ ወዳለው ዳር ስንደርስ አንድ ወፍራም ወፍ ጉርምርም ብሎ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ አርባ እርምጃ ያህል በሮ ሣሩ ውስጥ ወደቀ። ልጅቱ ክንፉ መሐል ነጫጭ መስመር አይታለች። ጅራቱን ሦስታችንም አይተነዋል። ሆዱን ግን ማንም አላየውም።

«ሄደን እንደገና እናስነሣው!» አለ ልጁ።

«አይሆንም» አለች። «ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር መጥቶ ነው። ይረፍበት።»

ደብተሯ ላይ «ምናልባት ታላቁ ስናይፕ» ብላ ጻፈች፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያየችውን ምልክትና ያላየችውንም ጭምር። ልጁ እስከ ታክሲው ድረስ አኩርፎ ሄደ። «ምናልባት» የሚለው ቃል ነው ያናደደው። ያን ሁሉ ጭቃ ረግጦ «ምናልባት» ይዞ መመለስ!

«ምናልባት» ምን ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል ባይ ነኝ። ታላቁ ስናይፕ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለሥጋት ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያ ውስጥ ለወፎች ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡት 69 ቦታዎች አንዱ ነው። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ፣ ደረቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት የደጋ ኪያሊያ ዘመድ፣ ከእኛ ደጋ ውጭ የማይታዩ ወፎች እዚያ ይገኛሉ። ሜዳው ግን እየጠበበ ነው። በአንድ በኩል ቤትና ፋብሪካ፣ በሌላ በኩል የድንጋይ ካባ፣ በሦስተኛው ባሕር ዛፍ ይገፋዋል። ለሚሠሩት ሰዎች እንጀራቸው ስለሆነ እዚህ ቁጭ ብዬ አልኮንናቸውም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው «እዚህ ጨፌ ላይ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሆነው የተጻፈ ነገር ነው። «ቡናማ ወፎች አሉ» መልስ አይሆንም። የአገሬውን ሁሉ «ታላቁ» እያሉ መጻፍም የባሰ ነው፤ የሌለ ወፍ ሞልቶ የተረፈ ያስመስላል፣ ማንም ሳይደነግጥ ያልቃል።

እንዲህ ሆኖ ያለቀ ወፍ አለ። ቀጭን መንቁር ያለው ከርሊው የሚባል፣ መንቁሩ ወደ ታች የታጠፈ የውሃ ዳር ወፍ ነበር። በጣም የሚመስሉት ሁለት ዘመዶች ነበሩት፤ ከነሱ ጋር ተቀላቅሎ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ይከርም ነበር። ብዙ ሰው አንዱን ከአንዱ አይለይም፤ ስለዚህ ሲያንስም ቶሎ አልታወቀም። ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ጥርጥር የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ «አየሁት» የሚል ብዙ መጣ፤ ሲጣራ ዘመዶቹ ሆነው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ጠፍቷል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ፣ በ2025 መዝገቡ ላይ «የጠፋ» ተብሎ ገባ። የሠላሳ ዓመት ጭቅጭቅ መጨረሻው ይህ ሆነ። ከርሊውን የጨረሰው አደንና የረግረጉ መድረቅ ነው እንጂ ስም መሳሳት አይደለም። ግን የጊዜው መልካም ክፍል «አለ፣ የለም» ሲባባሉ ሄደ።

ለምትሄዱት

መጀመሪያ ታላቁን አትፈልጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ የአገሬውንና ተራውን ብቻ ጥገቡ፤ አነሣሣቸውን፣ ጩኸታቸውን፣ መንቁራቸውን። እነሱን በደንብ የማያውቅ ሰው ሦስተኛውን ቢያየውም አያየውም።

ሁለተኛ፣ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ሆድ፣ ክንፍ፣ አነሣሥ። ጅራት አራተኛ ነው። ከሦስቱ ሁለት ካላገኛችሁ «ስናይፕ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። ነውር የለውም።

ሦስተኛ፣ አንድን ወፍ ከአንድ ጊዜ በላይ አታስነሡ። ዝም ብላችሁ ከሩቅ ብትጠብቁ ራሱ ከሣሩ ብቅ ብሎ ሲመገብ ሆዱን ያሳያችኋል። ጊዜ ይፈጃል። ቆሎው ለዚያ ነው!

አራተኛ፣ እረኞቹን ጠይቁ። ስሙን ሳይሆን አመሉን ነው የምትጠይቋቸው፦ «ሲነሣ ይጮሃል? ሩቅ ይሄዳል? መቼ ነው የሚመጣው?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ያቺ ልጅ አሁንም እሑድ እሑድ ትሄዳለች። እጮኛዋም ኩርፊያው ለቆት አብሯት መሄድ ጀምሯል፤ ባይናኩላሩን እሷ ትይዛለች፣ ደብተሩን እሱ። ጥቅምት ሲገባ ሣሩ መታጨድ ስለሚጀምር ለመሄድ ያሰባችሁ አትዘግዩ። ቦቲ ጫማችሁን አትርሱ። መልካም ጉዞ!